አንድ ፒያኖ፣ አራት ድምፅ፦ ለቅዳሜው ምሽት

የተከበራችሁ አባላት፣

ቅዳሜ የምንሰማው የጁሊየስ ኢስትማንን «ጌይ ጉሪላ» ነው። ጥቁር አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ኢስትማን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በድርሰቱ ርዕስ ሳይቀር በአደባባይ አውጇል። እ.ኤ.አ. በ1980 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ድርሰቱ የቀረበው በአራት ፒያኖ ነበር። እኛ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቻችን ሦስቱን ክፍሎች አስቀድሞ ቀርጿል። እነሱ በኮምፒውተር ከሦስት ድምፅ ማጉያዎች ሲለቀቁ አራተኛውን እዚያው ይጫወታል። መሃል መቀመጥ ይሻላል።

ተደጋግሞ ከሚመታው ድምፅ መካከል የማርቲን ሉተር መዝሙር ብቅ ይላል፤ የመካነ ኢየሱስ ልጆች ወዲያው ትለዩታላችሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ ኢስትማን ከኒው ዮርክ ቤቱ ሲባረር ብዙ የኖታ ወረቀቶቹ ጠፍተዋል።

ሥራው ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት ስለሚዘልቅ በሩ ልክ በ12 ሰዓት ይዘጋል።