«ልቡ ቆሞ ነው» ስላልሽው ነገር

እህት ዓለም፣

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ብጀምር እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ዓመት ከአራት ወር ድምፅ አጥፍቶ «ሰነበትሽ» አይባልም። ምን እንደምልሽ አጥቼ ነው የጠፋሁት፤ የሰው ሐዘን ሥራዬ ሆኖ ሳለ ያንቺ ሲሆን አፌ ተያዘ። ይቅር በይኝ። የቀረውን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ።

የጻፍኩልሽ ግን ለይቅርታው አይደለም። ሰኞ የላክሽውን መልእክት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማሙሽ ሌሊት እየተነሣ እጁን ደረትሽ ላይ ያደርጋል ብለሻል። ሩጫ ትቷል፤ ኳስ ሲያይ «ልቤ ይደክማል» ይላል። ከዚያ ከታች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «አባቱ ልቡ ቆሞ ነው የሞተው ብዬዋለሁ፤ ትንሽ ከፍ ሲል እውነቱን ብነግረው አይሻልም?» ብለሽ ጨመርሽ። እኮ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው! ልጁ የሚፈራው አንቺ የነገርሽውን ነው። ደህና የነበረ አባት ልቡ ድንገት ቀጥ ካለ ያንቺም ቀጥ ሊል ይችላል፣ የእሱም። ለስምንት ዓመት ልጅ ስሌቱ ትክክል ነው።

ስለዚህ አይሻልም። አባቱ ራሱን እንዳጠፋ በዚህ ሳምንት ንገሪው።

ለምን እንደዚያ እንዳልሽው ይገባኛል፤ በዚያ ቀን ከዚያ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል? ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ አብዛኛው ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑን ይረዳል፤ እሱ ደግሞ ያንን ዕድሜ አልፎታል። ጆሮም አለው። ስልክ ስታወሪ ድምፅሽን የምትቀንሺበትን ቦታ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። እውነቱን የዘመድ ልጆች ያውቁታል፤ አንድ ቀን ሲጣሉ አንዱ ይወረውርበታል። ያን ጊዜ አባቱን ብቻ ሳይሆን ያንቺንም ቃል ያጣል። «ራሱን አጠፋ» የሚለውን መጀመሪያ ካንቺ አፍ ይስማ የምልሽ ለዚህ ነው።

ማታ አይሁን፤ ይዞት ይተኛል። ትምህርት በሌለበት ቀን፣ ጠዋት፣ ቀኑን ሙሉ አብረሽው የምትውይበት ይሁን። ፊት ለፊት አታስቀምጪው። ጎን ለጎን ሆናችሁ እጁ አንድ ነገር ቢሠራ፣ ስዕል ቢሆን ሌላም ቢሆን፣ ይቀለዋል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ቀደም ብለሽ ብቻሽን ሆነሽ ጮክ ብለሽ በይው፤ ሳይደናቀፍ እስኪወጣልሽ፣ ሦስት አራት ጊዜ። ብታለቅሺ ምንም አይደለም። እሱ አንቺን ማባበል ከጀመረ ግን «አዝኜ ነው፤ እኔን ማባበል ያንተ ሥራ አይደለም» በይው።

መጀመሪያ ጠይቂው፦ «አባዬ እንዴት እንደሞተ ምን ሰምተሃል?» አንዳንዴ ልጆች ሁሉንም ሰምተው እኛን ላለማስከፋት ዝም ይላሉ። ከዚያ እንዲህ፣ ወይም ወደዚህ በተጠጋ በራስሽ አነጋገር፦

«ያኔ ልቡ ቆሞ ነው ብዬህ ነበር። ትክክል አልነበረም። እንዴት እንደምነግርህ ስላላወቅኩ ነው፤ ይቅርታ። አባዬ ድባቴ የሚባል ከባድ የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ሕመሙ ሲበረታበት ምንም ነገር እንደማይሻሻል፣ ማንም ሊረዳው እንደማይችል እንዲያስብ አደረገው። በዚያ ጊዜ ራሱን አጠፋ። ሕይወቱ እንዲያበቃ ያደረገው ራሱ ነው ማለት ነው። አንተ ያደረግከው ወይም የተናገርከው ነገር አይደለም ያመጣው። ልብህ ደህና ነው፤ የእኔም።»

እዚያ ላይ ቁሚ። ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩዪ (አንቺን ለሚያውቅ ከሁሉ ከባዱ ይኼ ነው)። ምናልባት «ልጫወት?» ብሎ ይነሣ ይሆናል። አልገባውም ማለት አይደለም። ልጅ ሐዘን ውስጥ ገብቶ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል፤ ማታ ጥርሱን እየቦረሸ ድንገት ያነሣብሻል።

ቃላት ላይ ተጠንቀቂ። «ታሞ ሞተ» ብቻ ካልሽው ጉንፋን በያዘሽ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ የሕመሙን ስም ንገሪው፣ አንድ ቀን ከመከፋት የተለየ መሆኑንም፦ ለሳምንታት የሚቆይ፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ማሰብን የሚያናጋ። «ከሥቃዩ ዐረፈ» የሚለውን ደግሞ እባክሽ ተይው። ለአዋቂ ማጽናኛ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ጆሮ ሲገባ ግን ሞት የሥቃይ መድኃኒት ነው ማለት ይሆናል። «ራሱ መርጦ ነው»ም አይሆንም፤ እኔን ትቶ መረጠ ብሎ ይተረጉመዋል። «እንዴት አድርጎ?» ካለሽ አትዋሺው፣ አታብራሪለትም። አንድ አጭር እውነተኛ ዓረፍተ ነገር፣ ዝርዝር የሌለው፤ ከዚያ «ሌላ ጥያቄ ሲመጣብህ እኔን ጠይቀኝ»። እናትሽም አስተማሪውም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይያዙ። ልጁ የአንዳችሁን ከሌላው ጋር እያስተያየ ይመረምራል።

ሦስት ነገሮችን ይጠይቅሻል፤ ባይጠይቅም ያስባቸዋል። በእኔ ምክንያት ነው ወይ? ይኼን አንድ ጊዜ መልሰሽ አይበቃም፤ የተቆጣውን ቀን፣ እምቢ ያለውን ቀን ያስታውሳል። አንቺስ ትሞቺያለሽ ወይ? «አልሞትም» አትበይው፤ «ጤነኛ ነኝ፣ ብታመም ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፣ አንተን የሚንከባከቡ እነ እገሌና እነ እገሌ አሉ» ብለሽ በስም ጥሪለት። ሦስተኛው የሚያስፈራሽ ነው፦ እኔስ እንደ አባዬ እሆናለሁ? እውነቱ ይኸውልሽ፦ በቤተሰቡ ድባቴ ያለበት ሰው የመታመም ዕድሉ ከሌላው ከፍ ይላል፤ ግን ብዙዎቹ ፈጽሞ አይታመሙም፣ ከሚታመሙትም አብዛኞቹ ራሳቸውን አያጠፉም። ለእሱ «ሕመሙ ሕክምና አለው፤ እንደዚያ ከተሰማህ ትነግረኛለህ፣ አብረን እንሄዳለን» ይበቃዋል። በ12 ዓመቱ እንደ አዲስ ይጠይቅሻል፣ በ16ም። ተዘጋጂ።

ሆድ ቁርጠቱ፣ ቁጣው፣ አልጋ ማርጠቡ ለተወሰነ ጊዜ የሚጠበቅ ነው። «አባዬ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ» ቢል አትደንግጪ፣ አትለፊውም፤ «መሄድ ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ናፍቆት ነው። መሞት እፈልጋለሁ ካለ ወይም ራሱን መጉዳት ከጀመረ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ፍርሃቱም ከነገርሽው በኋላ ሳምንታት አልፈው ወደ ጨዋታና ወደ ትምህርት እንዳይመለስ ካገደው ልጆችን የሚያይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጊለት።

አሁን ስላንቺ። ሳላነሣው ላልፍ ነበር… «መድኃኒቱን ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር፤ ደግሞም ተሽሎት ነበር» ብለሻል፤ እዚያ ላይ ደጋግመሽ እንደምትዞሪ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ መሥራት አለመሥራቱ በደንብ የሚመዘነው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍና አቅም ቀድመው ሊመለሱ ይችላሉ፤ ተስፋ መቁረጡ ግን ባለበት ሊቆይ ይችላል። ሐኪሞች በዚያ ሰሞን ቶሎ ቶሎ ቀጠሮ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ «ተሽሎታል» ስትዪ አልተሳሳትሽም፤ የተሻለው ግን ግማሹ ነበር። ይኼን ሰምታ ታናሽሽ የራሷን ክኒን እንዳትጥለው፤ በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ መዘዝ አለው፣ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል።

«ማወቅ ነበረብኝ» የምትዪውን ልከራከርሽ አልፈልግም። ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር ብልሽ አታምኚኝም፣ እኔም አላምነውም። ግን ዝምታውን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለቱን ዛሬ በአንድ ክር ሰክተሽ የምታዪው መጨረሻውን ስላወቅሽ ነው። ያኔ ክሩ አልነበረም። እነዚህ ምልክቶች ኖሯቸው የማይሞቱ እጅግ ብዙ ናቸው፤ የሠለጠነ ሐኪም እንኳን ታማሚውን ፊቱ አስቀምጦ ማን፣ መቼ ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም። «ሸክም» ያለው ሐሳብም የሕመሙ ምልክት ነው፣ እንደ እንቅልፍ ማጣቱ። ሺህ ጊዜ «አይደለህም» ብትዪው እንኳ ላይገባለት ይችል ነበር።

ዓመት ያለፈው ሐዘን ደግሞ ነውር አይደለም። ከ6 ወር በላይ ምንም ሳይለዝብ ቆይቶ ሥራሽንና ኑሮሽን ካገደሽ ግን ለእሱ የተዘጋጀ ሕክምና አለ፤ ድክመት ብለሽ አትሸሽጊው።

እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አፌ እየከበደኝ ነው። ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ? በቀጥታ የጠየቅኩሽ ነገሩ በቀጥታ ስለሚጠየቅ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ቅርብ ሰው በዚህ መንገድ የሞተበት ሰው ደግሞ እሱ ራሱ ይበልጥ ይጋለጣል። መልሱ «አዎ» ከሆነ በደብዳቤ አትመልሺልኝ። ደውዪ፣ በየትኛውም ሰዓት። ሐሳቡ ገፍቶ የመጣብሽ ሌሊት ከሆነ ብቻሽን አትሁኚ፤ እናትሽን ቀስቅሺ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያ ምን ትያለሽ? «ራሴን እንዳላጠፋ ፈርቻለሁ» ብቻ በያቸው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከመልእክትሽ ላይ ሌላው ሁሉ ይቆየን፤ ስለ ቤቱም፣ ስለዚያ ሰውዬም (አዎ፣ ሰምቻለሁ፤ አልሳቅኩም፣ ትንሽ ብቻ)።

ማሙሽን ከነገርሽው በኋላ፣ በዚያው ሳምንት፣ የልጆች ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ፈርቶ እንደሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸውና በማዳመጫው የራሱን ልብ ይስማ፤ ከቻሉ ያንቺንም ያሰሙት። ሲሮጥ ልቡ የሚፈጥነው ጤነኛ ስለሆነ እንደሆነ ሐኪሙ ይንገረው፤ ከሐኪም ሲሆን ያምናል። ኳሱን ያን ዕለት አውጪለት፤ አታስገድጂው፣ በር ላይ አስቀምጪው።

እሑድ ከሰዓት ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። ለመሳደብም ቢሆን ደውዪ።

ያንቺው ጠፊ