የእናትሽ ጠያቂዎች

ውድ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ቆይቼ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን እንደሚሰማሽ እያሰብሁ ነው የምጽፈው። ምክንያቱን አልደብቅሽም። የእናትሽን ዕረፍት የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነበር። የዚያኑ ዕለት መደወል ሲገባኝ፣ «ቀብር ያልቆመ፣ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው አሁን ምን ብሎ ይደውላል?» እያልሁ አሳደርሁት። ያደረ ነገር ደግሞ እየከበደ ይሄዳል፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነብኝ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ ይቅር በይኝ። ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ዛሬ ብዕር ያስነሱኝም እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት ትምህርት ክፍላችን የኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪን ሥርዓተ ትምህርት የሚከልስ ኮሚቴ ሲያቋቁም እኔንም አስገቡኝ። እኛ ስንማር አራት ዓመት እንደነበረ ታስታውሻለሽ። ከእኛ በኋላ መሰናዶ ሲመጣ ወደ ሦስት ወረደ፤ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ እንደገና አራት ሆነ። አሁን ልጆቹ ወደ እኛ ከመድረሳቸው በፊት ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ ይማራሉ። ይህን አልቃወምም፤ ሎጂክን በወጉ የተማረ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲከራከር ያስታውቃል።

የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት ነው። አስገዳጅ ኮርሶቹን በተርታ ስታነቢያቸው ትንፋሽ ያሳጥራሉ። ማይክሮ አንድና ሁለት፣ ማክሮ አንድና ሁለት፣ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጄብራ፣ ስታቲስቲክስ፣ የኢኮኖሚ መረጃ በስታቲስቲክስ የሚመረመርበት ኢኮኖሜትሪክስ አንድና ሁለት፣ የልማት፣ የዓለም አቀፍ፣ የግብርና፣ የሠራተኛ፣ የኢንዱስትሪ ኢኮኖሚክስ እያለ ይቀጥላል። ለየብቻቸው ስታዪአቸው የሚጣል የለም። ነገር ግን በክለሳ ሁሉ ኮርስ ይጨመራል እንጂ ሲቀነስ አላየሁም። ኮርስ ማስወጣት የሰው እንጀራ መንካት ነው፤ እያንዳንዱ ኮርስ የሚያስተምረው ሰው አለው፣ ሰውየውም የሥራ ጫናውን የሚያሟላው በእሱ ነው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ሁላችንም ስለ ተማሪው እያወራን ለየራሳችን ኮርስ ዘብ እንቆማለን። እኔም ለዓለም አቀፍ ኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ክፍል ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክሬአለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። የፍላጎት መስመር ወደ ታች፣ የአቅርቦት መስመር ወደ ላይ የሚሄድበትን ያን ሥዕል አንድ ተማሪ ሦስት ጊዜ ይማረዋል፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመጀመሪያው ዓመት የኢኮኖሚክስ መግቢያ፣ ከዚያም በማይክሮ አንድ። በሦስተኛው ጊዜ ዓይናቸው ፈዞ ታገኚዋለሽ። ኢኮኖሜትሪክስ ግን ያለ በቂ መንደርደሪያ በድንገት ይወርድባቸዋል። በመረጃ ነጥቦች መካከል የሚስማማውን መስመር የሚያወጣውን የአነስተኛ ካሬዎች ቀመር በማትሪክስ አውጥቶ የሚያሳይሽ ልጅ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን ማንን ጠይቆ እንደጻፈው አያውቅም። ከውጭ የመጡት መጻሕፍት የሚያሠሩት የአሜሪካ ሠራተኞችን ደመወዝ ነው። ልጆቹም በዶላር የተጻፈውን የሰዓት ክፍያ አስልተው፣ አንድ ዓመት ትምህርት ደመወዝን በስንት በመቶ እንደሚያሳድግ በትክክል ይመልሳሉ፤ እናትና አባታቸው ገበሬ ናቸው።

የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክን ደግሞ ከግሪኮች እስከ ኬንስ ስናስተምር፣ በ1911 ዓ.ም. ያረፉትን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የምናነሳበት አንድ ሰዓት እንኳ አልነበረንም። ጥሬ ዕቃ እየሰጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ስለሚደርስበት ነገር በአማርኛ የጻፉ ሰው ናቸው። እሳቸው በኮርሱ ይግቡ ያልሁትን ማንም አልተቃወመም፤ ደስ ብሎኛል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ምን እንደሆነ አንቺ ከባንክ ውስጥ ሆነሽ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ያን ሰሞን እኔ ሰሌዳው ላይ «አገር ሀ» እና «አገር ለ» ብዬ የምንዛሪ ተመንን አስተምር ነበር። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ አባቷ ሱቅ አላቸው። «መምህር፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዘይት የተገዛው በድሮው ዶላር ነው። ታዲያ በማግስቱ ለምን ተወደደ?» አለችኝ። አገር ሀንና አገር ለን አጠፋኋቸው። ነጋዴው የሚያየው የገዛበትን ዋጋ ሳይሆን ነገ ባዶውን መደርደሪያ የሚሞላበትን ዋጋ ነው ብዬ ያን ሰዓት በሙሉ በዘይቱ ጨረስነው። ከዚያም አምስት ልጆች በየሳምንቱ የዘይት ዋጋ እየመዘገቡ ለማምጣት ተስማሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ተጣልተው መጡ። አንዱ የጻፈው የፓልም ዘይት፣ ሌላው የሱፍ፤ አንዱ ባለ ሦስት ሊትር፣ ሌላው ባለ አምስት። «የዘይት ዋጋ» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ፣ የዋጋ ግሽበት ተብሎ በዜና የሚነገረው ቁጥርም ከዚህ ሁሉ ውሳኔ በኋላ እንደሚወጣ በራሳቸው እጅ አገኙት። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደዚያ የተደሰትሁበትን ሳምንት አላስታውስም።

እናትሽን ያስታወሱኝ እነዚህ ልጆች ናቸው። በ1993 ለፋሲካ ወደ እናትሽ መንደር ወደ የትመን ይዘሽኝ የሄድሽ ጊዜ ቡና እያፈሉ የነገሩንን አልረሳሽውም አይደል? ወረቀት የያዙ ልጆች ከአዲስ አበባ መጥተው ስንት ጥማድ ታርሳላችሁ፣ ስንት በሬ አላችሁ፣ ጤፉ ስንት ኩንታል ገባ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ጨው፣ ስንት በርበሬ ፈጃችሁ፣ ዕንቁላል ስንት ሸጣችሁ ብለው እንደጠየቋቸው፣ ከወራት በኋላም ተመልሰው እንደገና እንደጠየቋቸው ነገሩን። «ልጆቼ እንኳ ያልጠየቁኝን ጠየቁኝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «እናንተስ የምትማሩት ይህንኑ ነው?» ሲሉን ተሳስቀን «አይደለም» አልናቸው።

ያስጠየቀው እኮ እኛ የምንማርበት ትምህርት ክፍል ነበር! የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ከዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ፣ በ1986 በ15 የገበሬ ማኅበራት ውስጥ የሚኖሩ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን መጠየቅ ጀመረ። የትመን አንዷ ናት። የዚያኑ ቤት ሰዎች እየተመለሰ እስከ 2001 ድረስ ጠይቋል። ስለ ድርቅ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ዕድርና ስለ ድህነት በዓለም የታወቁ ብዙ ጥናቶች የተጻፉት በዚያ መረጃ ነው። በሩቅ አገር የሚማሩ የዶክትሬት ተማሪዎች የትመንን በቁጥር ያውቋታል። እኛ ደግሞ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብለን የሌላ አገር ምሳሌ ስንሸመድድ፣ እናትሽ ከእኛ የቀረበ ኢኮኖሚክስ በእጃቸው ይዘው ኖሯል። ይህን የተረዳሁት ካስተማርሁ ከብዙ ዓመት በኋላ መሆኑ አሁንም ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ኮሚቴው ፊት ያቀረብሁት ይህ ነው። ከማይክሮ አንድ የተደጋገመው ክፍል ይውጣ። በተረፈው ጊዜ ስታቲስቲክስ ይስፋና ተማሪው ከኢኮኖሜትሪክስ በፊት መጠይቅ አዘጋጅቶ፣ ሰው ቤት ሄዶ፣ ጠይቆ፣ ያመጣውን በኤክሴል አስገብቶ እንዲገልጽ ግዴታ ይሁን። ኢኮኖሜትሪክሱም በአሜሪካ ደመወዝ ፋንታ ከ2004 ጀምሮ በአገራችን በሚካሄደው የቤተሰብ የኑሮ ጥናት መረጃ ይሠራ፤ መረጃው በነፃ ይገኛል። ሒሳቡ ይቀነስ አላልሁም፣ እንዲያውም ካልኩለሱ ይጠንክር ባይ ነኝ።

ጠንካራው ተቃውሞ ከ2015 ጀምሮ ከሚሰጠው የመውጫ ፈተና በኩል መጣ። «ፈተናው ምርጫ ጥያቄ ነው፤ ሃምሳ በመቶ ካላመጡ አይመረቁም። በየሰፈሩ ስናዞራቸው ቢወድቁስ?» አለኝ አንድ የማከብረው ባልደረባ። ስጋቱ እውነት ነው። አራት ዓመት ለፍቶ ዲግሪ ሳይዝ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ አይቻለሁ፤ አባቱን ምን ብዬ እንዳናገርኋቸው አልነግርሽም። ሆኖም መረጃን በእጁ የነካ ልጅ የተፈተነበትን ጥያቄ በተሻለ ይረዳል ብዬ አምናለሁ፤ የዘይቶቹ ልጆች አምስቱም አልፈዋል። አምስት ልጅ ማስረጃ እንደማይሆን ባልደረባዬ ነገረኝ፤ ልክ ነው፣ ለዚህም መልስ የለኝም። ሌላው ችግር ኮምፒውተር ነው፤ ለመቶ ሃያ ተማሪ አርባ አለን፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም የለም። ሥርዓተ ትምህርቱ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የጋራ ስለሆነም ብቻችንን የምንለውጠው ጥቂት ነው።

አንቺን የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ክለሳው የቀጣሪዎችን አስተያየት ይፈልጋል። በብድር ክፍልሽ የሚቀጠሩ ልጆች ምን እንደሚጎድላቸው ሳትራሪ አንድ ገጽ ጻፊልኝ። በመጨረሻ ስንገናኝ፣ «የነጋዴውን የሽያጭ መዝገብ ከፍቶ የሚጠይቅ አጣሁ፤ ሁሉም የሚጠብቀው የተሠራ ሠንጠረዥ ነው» ያልሽኝ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያን በአንቺ ቃል ኮሚቴው ቢያነበው ከእኔ አሥር ስብሰባ ይበልጣል።

ሁለተኛው፣ ከፈቀድሽልኝ፣ ኮርሱ ሲጀመር የመጀመሪያውን ሰዓት በእናትሽ ታሪክ ልክፈተው። ስማቸውን አልጠራም። ካልወደድሽው አንድ ቃል ይበቃኛል፣ አላነሳውም።

በየካቲት ለግምገማው አዲስ አበባ እመጣለሁ። ከዚያ ደጀንን አልፌ የትመን መውረድ እፈልጋለሁ፤ መቃብራቸውን ሳልስም ሌላ ዓመት መግባት አልችልም። ሥራ ከፈቀደልሽ አብረን እንሂድ፤ ካልፈቀደልሽ ቤቱን የሚያሳየኝ ሰው ንገሪኝና ብቻዬን እሄዳለሁ። ስልኬ አልተቀየረም።

የወንበር ጓደኛሽ