ለሚሚዬ፣ ስለዚያ ረጅም ሕንፃ

ሚሚዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የኔ ጉልበት ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ባለፈው ስትደውዪ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ጥያቄሽን በወጉ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። «እማ፣ አዲሱ የንግድ ባንክ ሕንፃ ሰንጋ ተራን ምን አደረገው? ለሕንፃ ትምህርቴ ነው፣ ያየሽውን ንገሪኝ» አልሽኝ። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከበሶውና ከድርቆሹ ጋር ይደርስሻል፤ ዘይት ነክቶት ከሆነ ይቅርታ።

ቁጥሩን አስተማሪሽ ይነግርሻል። 209 ሜትር ገደማ ነው። በ2007 ተጀመረ፣ በየካቲት 2014 ተመረቀ፣ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። የሠራው የቻይናው ስቴት ኮንስትራክሽን ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትን አዳራሽም የገነባው እሱ ነው። ያኛው 99.9 ሜትር ነው። በ2004 ሲመረቅ አገር ጉድ ብሎ ነበር። ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ እንዲህ ያለ ነገር ይቆማል ብሎ ማን አሰበ? በአስር ዓመቱ እጥፉን የሚበልጥ ተመረቀ።

እኔ የማውቀው ግን የሕንፃውን እግር ነው። ላይኛውን አልወጣሁም።

ያን ሰፈር ስንለቅ ስድስት ዓመትሽ ነበር፣ ብዙ አታስታውሺም። ቤታችን አሁን ሕንፃው ከቆመበት ብዙም አይርቅም ነበር። የቀበሌ ቤት፣ ሁለት ክፍል። ሰዎች ስለ ድሮው ሰፈር ሲያወሩ ሁሉን ማር ያደርጉታል፤ እኔ አላደርገውም። ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበር። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ከላይ፣ ጎርፉ ከታች። የሚናፍቀኝ ሌላ ነው። ቡና ሳፈላ አራት ቤት የሚሰማው ሙቀጫዬ ይናፍቀኛል። ዕድራችን ይናፍቀኛል። ሰፈሩ ሲነሣ ለእኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ የማዶዋ እትዬ ሌላ ዳር፣ የዕድሩ ዳኛ ሌላ ዳር። ለቅሶ ለመድረስ ሦስት ታክሲ የሚያዝበት ዕድር ምን ዕድር ይባላል? ፈረሰ።

ከዚያ ባንኮቹ መጡ። ከተማው አካባቢውን የገንዘብ ተቋማት ሰፈር አድርጎ ከለለው። ንብ፣ ህብረት፣ ዘመን፣ ሁሉም ጎን ለጎን ወደ ላይ። መሬቱ ውድ ሲሆን ወደ ጎን መስፋት አይቻልም፣ ወደ ሰማይ ነው እንጂ። ይህን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። ያ ሕንፃ ሰፈሩን የለወጠው ሲመረቅ አይደለም። ገና ጉድጓዱ ሲቆፈር ነው።

ሰባት ዓመት ያህል ከጀሞ እየተነሣሁ እዚያ ሠርቻለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሽሮዬን ጥጄ፣ ፓስታዬን ቀቅዬ፣ በሁለት ትልልቅ ምሳ ዕቃ ተሸክሜ። ፌሮ አሳሪው፣ አናጺው፣ ሲሚንቶ ተሸካሚው ስድስት ሰዓት ሲሆን ከአጥሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሻይ የምታፈላው፣ ቆሎ የምትሸጠው፣ ካርድ የሚሸጠው፣ የተቀደደ ጫማ የሚሰፋው ልጅ። ክሬኑ ላይ የሚሠራውን ሳይቀር በጫማው አውቀው ነበር። ፓስታ በእንጀራ ነበር የሚወደው፣ ሁልጊዜ በዱቤ። ወር ሲደርስ ግን አንድ ብር አያጎድልም። ያንቺ ዩኒፎርምና ደብተር ከዚያ ጉድጓድ ነው የወጣው። ወለል በጨመረ ቁጥር «እሰይ፣ ገና ነው» እል ነበር። የሰው ሁሉ ጸሎት ቶሎ እንዲያልቅ፣ የኔ ደግሞ እንዳያልቅ!

አለቀ። ሰዉም በአንድ ሳምንት ብን አለ።

የሕንፃውን ወጪ የሚያሰሉ ሰዎች ይህን የት እንደሚጽፉት አላውቅም። አንቺ ጻፊው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ እንደ አላፊ አግዳሚ ነው የማየው። ጥሩውን ልጀምር። እንደምታውቂው አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ ስም አድራሻ የሚሰጥ የለም። «ቴአትር ቤቱ ጋ»፣ «ድንጋዩ አንበሳ ጋ»፣ «ክቡ ባንክ ጋ» ነው። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ተመረቀ፣ አንበሳውም የዚያው ዘመን ነው። ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃ የሠራው ሄንሪ ሾሜት የሚባል ፈረንሣዊ ነው፤ ይህን ካንቺው ነው የሰማሁት። አሁን ከሁሉም በላይ የሚጠራው አዲሱ ሕንፃ ነው። ከጀሞ በረንዳችን ይታየኛል። ማታ ሲበራ አባትሽ «ያው ሰንጋ ተራ» ይላል፣ ጣቱን ቀስሮ። ለተፈናቀለ ሰው የድሮ ሰፈሩን ከሩቅ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም። የጠገበ ቀን ደግሞ «መብራቱን እኛ ነን የምንከፍለው» ብሎ ይስቃል።

ሥራውም አለ። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ሊፍት ጠጋኝ፣ የውኃ ፓምፕ የሚቆጣጠር። እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ውኃ እስክትመጣ ሌሊት ባልዲ ይዘን እናፈጣለን፣ እዚያ ስንትና ስንት ወለል ድረስ እየተገፋ ይወጣል። የጎረቤታችን ልጅ እዚያ አካባቢ ጽዳት ትሠራለች። ምሳዋን ከቤት ነው የምትይዘው። «እዚያ ሰፈር በኔ ደሞዝ የሚበላ የለም» አለችኝ። ሽሮዬ ትዝ አለኝ።

ሌላው ጥሩ ነገር ባቡሩ ነው። ሁለቱም መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ሐዲድ ላይ አብረው ይሄዳሉ። ያን ያህል ሰው የሚውልበትን ሕንፃ ሁለት መስመር የሚያልፍበት አጠገብ መትከል ብልህነት ነው። ግን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ሂጂና እይ። ሰልፉ ይዞራል፣ ይታጠፋል፣ ጅራቱ አይታይም። ብዙ ሰው ወደ ላይ ሲደረደር ማታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይፈሳል። የጀሞን ታክሲ አንድ ሰዓት ቆሜ የጠበቅሁበት ቀን ብዙ ነው።

እሑድ ደግሞ ሌላ ነው። ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አለፍኩበት። ኮቴዬ ይሰማኝ ነበር። ባንክ ተዘግቶ የሚውልበት ሰፈር እሑድ አይኖርም። የ40/60 ኮንዶሚኒየሙ ነው ያዳነው፤ እዚያ በኩል ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ሽንኩርት ይጠበሳል። ለአስተማሪሽ የኔን ሐሳብ የምትነግሪው ከሆነ ይህን ንገሪው፤ ባንክ ብቻ አታድርጉት፣ የሚያድርበት ሰው ጨምሩበት በይው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አትናደጂ። በቀደም ጉልበቴ አስቸገረኝና ከረጃጅሞቹ በአንዱ ደረጃ ላይ አረፍ አልኩ። የትኛው እንደሆነ አልነግርሽም። ጥበቃው መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልጮኸብኝም። «እማማ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አለኝ። «የት ይቻላል ልጄ?» አልኩት። ግራ ገባው፣ ዞር ዞር ብሎ አየ። እውነቱን ነው፣ የሚያሳየኝ ቦታ አልነበረውም። ያን ሁሉ ወለል ሲሥሉ ለአንዲት አሮጊት ሁለት ክንድ ድንጋይ መርሳታቸው ገረመኝ።

ተነሥቼ ቀስ እያልኩ አንበሳው ድረስ ሄድኩ። አባትሽ ያኔ የቀጠረኝ እዚያ ነው። አርፍዶ መጥቶ «ታክሲ አጥቼ ነው» አለኝ፤ ኋላ ስሰማ ለካ ሸሚዝ ሲዋስ ነው የቆየው። ዛሬም ሰው የሚቃጠረው እዚያው ነው።

ለፋሲካ ስትመጪ እዚያው እንገናኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ያን የምትለኪበትን ሜትር አትርሺ። ከአንበሳው እስከ ሕንፃው በር በእግር እንሂድ። እኔ በደከመኝ ቁጥር እቆማለሁ፣ አንቺ የቆምኩበትን ትለኪያለሽ። የሚቀመጡበት ካለ ትጽፊያለሽ፣ ከሌለም ትጽፊያለሽ። ቴርሞሱን እኔ እይዛለሁ።

እናትሽ