ከመንጠቆው ወደ እጀታው፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለጅረትና ለትንሽ ኩሬ የሚሆን «አልትራላይት» የሚባለውን እጅግ ቀላል የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ልገዛ ነውና የቱ ይሻለኛል ብለሽ ጠይቀሽኛል። ብዙ ሰው ከዘንጉ ይጀምርና ይሳሳታል። አንቺ ከመንጠቆው ተነስተሽ ወደ እጀታው ነይ።

በጠባብ ውኃ የምትወረውሪው ከ1 እስከ 5 ግራም የሚመዝን ማታለያ ነው፤ የብረት ቅጠሏ የምትሽከረከር ትንሽ ማንኪያ፣ ወይም እርሳስ ራስ ያለው መንጠቆ ከነለስላሳ የጎማ ትሉ። ማታለያውን አርቆ የሚሰደው የክንድሽ ጉልበት አይደለም፤ ክብደቱ ዘንጉን ያጎብጠዋል፣ ዘንጉ ተመልሶ ሲቃና ያስፈነጥረዋል። ደንዳና ዘንግ በ2 ግራም አይጎብጥም፤ ስለዚህ አጠንክረሽ ብትወረውሪም ማታለያው እዚያው እግርሽ ሥር ጠብ ይላል። ከእጀታው በላይ የሚወረወረው ክብደት ተጽፎ ታገኛለሽ፤ ከ0.5 እስከ 5 ወይም ከ1 እስከ 7 ግራም የሚለውን ውሰጂ። ቁጥሩን ግን እንዳለ አትመኚው፤ ዘንግ የሚመቸው መሃሉ ላይ ነው፤ 1 እስከ 7 የሚለው በ3 እና በ4 ግራም ያምርበታል፣ በ1 ግራም ይለግማል።

ርዝመቱን ቦታው ይወስንልሻል። ቁጥቋጦ ከላይ ያጠላበት ጅረት ከሆነ ከ1.5 እስከ 1.7 ሜትር፣ ዳሩ ገላጣ ኩሬ ከሆነ 2 ሜትር ገደማ። ከጫፉ ብቻ የሚጎብጥና እስከ ወገቡ የሚጎብጥ አለ። የመጀመሪያው የጎማ ትል ስትጎትቺ ትንሿን ንክሻ ቶሎ ያሳብቃል፤ እኔ ለጀማሪ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ዓሣው ድንገት ሲፈናጠር ድንገተኛ ጉተታውን ዘንጉ ይውጠዋል፣ ቀጭኑ ክር ይተርፋል።

ከመግዛትሽ በፊት ክሩ በሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ጥቂት ጥጥ አሽከርክሪ። ጥጡ የተያዘበት ቀለበት ተሰንጥቋል፤ ክርሽን እንደ ምላጭ ይበላዋል። ቀጥሎ መጠቅለያውን፣ ማለት እጀታው እየተዞረ ክሩን የሚሰበስበውን መሣሪያ፣ ግጠሚበትና ከመጠቅለያው እግር ትንሽ ፊት ለፊት በአንድ ጣት ደግፊው፤ ጫፉ ወደ መሬት ከደፋ ቀኑን ሙሉ አንጓሽን ያደክምሻል። 1000 የሚል የመጠን ቁጥር ያለው መጠቅለያ ለዚህ ይበቃል።

ለክሩ 0.16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 2 ኪሎ ገደማ የሚችል ናይለን ያዢ። የተገመደው ክር ሩቅ ይሄዳል፣ ግን አይለጠጥም፤ ስህተትሽን አይሸፍንልሽም፤ ለኋላ ይቆይ። ማጠንጠኛውን፣ ማለት ክሩ የሚጠመጠምበትን የመጠቅለያውን ክፍል፣ ከከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር እስኪቀር በክር ሙዪው። ከዚያ ካለፈ ክሩ በጥቅል በጥቅል እየወጣ ይተበተባል፤ ካነሰ ከንፈሩ ላይ እየተፋተገ አይርቅም።

አሁን ወደ ፍሬኑ፤ ዓሣው ሲጎትት ክሩ እንዳይበጠስ ከመጠቅለያው በልክ የሚለቀው እሱ ነው፤ ሰው ቸል የሚለው እዚህ ላይ ነው። ፍሬኑ ክሩ ከሚችለው ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ጉልበት መልቀቅ አለበት፤ ለ2 ኪሎ ክር ግማሽ ኪሎ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ማለት ነው። ሚዛን አያስፈልግሽም። ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከክሩ ጫፍ እሰሪ፣ ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች ሳታሳልፊ መጠቅለያውን ብቻ በእጅሽ ያዢ። ጠርሙሱ ሳይንገጫገጭ በዝግታ ከወረደ ልክ ነው። ተንጠልጥሎ ከቀረ ጠብቋል፣ ተንደርድሮ ከወረደ ላልቷል። እየተንፈራገጠ ከወረደ ደግሞ የፍሬኑ ሸክላዎች ቆሽሸዋል ወይም ደርቀዋል።

ስትወረውሪ ክሩን በሌባ ጣትሽ ያዢ፣ ክሩን ወደ ማጠንጠኛው የሚመራውን የመጠቅለያውን ሽቦ ቅስት ክፈቺ፣ ዘንጉን ወደ ጎን አድርገሽ በአንጓሽ ብቻ ወርውሪ፤ ዝቅ ብሎ ከቅርንጫፍ ሥር ይገባልሻል። ሊያርፍ ሲል ሌባ ጣትሽን ወደ ማጠንጠኛው ከንፈር አስጠግተሽ የሚወጣውን ክር ዳሰስ አድርጊው፤ ማታለያው ሳይንቦጫረቅ ይቀመጣል። ከዚያ ቅስቱን በእጅሽ መልሺ፤ የመጠቅለያውን እጀታ አዙረሽ አትዝጊው። በእጀታ ሲዘጋ የላላ ጥቅልል ማጠንጠኛው ላይ ይቀራል፣ በላዩ ሌላ ይጠመጠማል፣ ከብዙ ውርወራ በኋላ ጉንጉን ሆኖ ይወጣል፤ ያኔ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አታውቂውም። ከዘጋሽ በኋላ ክሩን አንዴ ሳብ አድርገሽ አጥብቂው።

ዓሣው ክር እየወሰደ ሳለ አትጠቅልዪ። ፍሬኑ እየለቀቀ እጀታውን ስታዞሪ ክሩ አይገባም፣ ይጠመዘዛል፤ የማርሹ ምጥጥን 5 ለ 1 ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር 5 ጊዜ። ቆም ሲል ዘንጉን በዝግታ ቀና አድርጊ፣ ዝቅ እያደረግሽ ጠቅልዪ። እግርሽ ሥር ሲደርስ ጫፉን ከትከሻሽ ወደ ኋላ አታሳልፊ፤ ሸክሙ ሁሉ በቀጭኑ ጫፍ ላይ ያርፍና ካርቦኑ ቀጭ ይላል። ዓሣ በመረብ ይነሳል እንጂ በዘንግ አይንጠለጠልም።

ማታለያው ውኃው ሥር ባለ ነገር ከተያዘም ዘንጉን አጉብጠሽ አትታገዪ። ጫፉን ወደተያዘበት አቅኚ፣ ክሩን እንጨት ላይ ጠምጥመሽ ሳቢ፤ ጣትሽ ላይ ከጠመጠምሽው ይቆርጥሻል።

ቋጠሮሽን 5 ጊዜ ጠምዝዘሽ ከመሳብሽ በፊት በምራቅ አርጥቢው፤ ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃ ይግላል፣ እዚያው ይዳከማል። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የመጨረሻውን ግማሽ ሜትር ክር በጣቶችሽ መሃል አሳልፊው፤ ከሻከረ ቁረጪና እንደገና እሰሪ። የመንጠቆውን ኋሊት እሾህ በፒንሳ ደፍጥጪው፤ ትንሹን ዓሣ ሳትጎጂ ትመልሺዋለሽ፣ ከጣትሽም ቢገባ በቀላሉ ይወጣል።

ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከመብራት ሽቦ ሥር አትቁሚ፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ዘንጉን አስቀምጪ።

ስትመለሺ ዘንጉን ጠርገሽ ሳይደርቅ ከረጢቱ ውስጥ አትክተቺ፣ ፍሬኑንም አላልተሽ አሳድሪው። የሁለቱ ክፍል መገጣጠሚያ እምቢ ካለሽ ቀለበቶቹን ይዘሽ አትጠምዝዢ፤ ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ይዘሽ በቀጥታ ሳቢው።

እናትሽ