የግብርናው ፕሮግራም ወደ ማታ ይዛወር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ሲነሳ የሚወራው ስለ ፈቃድና ስለ በጀት ነው። የስርጭት ሰዓት ግን ማንም ትዝ አይለውም። ስንት የተደከመበት ዝግጅት ሰሚ የሚያጣው በሰዓቱ ምክንያት ነው።

በገጠር ወረዳ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ቤተሰቡ ቤት ነው። ከዚያ ገበሬው ማሳ ይወርዳል፤ እስከ 11 ሰዓት ገደማ አይመለስም። የግብርና ባለሙያው የሚገኘው በሥራ ሰዓት ነው እየተባለ ግን ፕሮግራሙ 4 ሰዓት ላይ ይያዛል። በሐምሌ 4 ሰዓት ላይ ስለ ጤፍ አዘራር ማውራት ባዶ ቤት ማናገር ነው። ባለሙያው ቀን ይቀረጽ፤ ዝግጅቱ ማታ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከብቱ ገብቶ ቡና ሲፈላ ይተላለፍ። ድጋሚው በሌላ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይሁን። በዚያው በማታው ሰዓት ከተደገመ የመጀመሪያው ያመለጠው ሰው ሁለተኛውም ያመልጠዋል።

ብዙ ሰው አሁን ሬዲዮ የሚያዳምጠው በሞባይል ነው። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል ሰው ሰክቶ ብቻውን ይሰማል፣ ሚስትና ልጆች ሳይሰሙ ይቀራሉ። አቅራቢው «ገመዱን ሳትነቅሉ ድምፁን ወደ ስፒከር ቀይሩት» ብሎ ደጋግሞ ቢናገር የአድማጩ ቁጥር ያድጋል።

የገበያ ዋጋውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገበያው ቅዳሜ ከሆነ ገበሬው አህያውን ለመጫን የሚወስነው ዓርብ ማታ ነውና የዓርብ ከሰዓት ዋጋ በስልክ ተጠይቆ ያን ማታ ይነበብ። «ጤፍ ይህን ያህል ገባ» ማለት አይበቃም። ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ወይስ ቀይ? በኩንታል ነው በኪሎ? ገበሬው የሸጠበት ነው ወይስ ነጋዴው የሚቸረችርበት? የትኛው ገበያ፣ በየትኛው ቀን? ቢያንስ 3 ነጋዴና 3 ሻጭ ይጠየቁ። ከነጋዴ አፍ ብቻ የተወሰደ ዋጋ ዝቅ ብሎ ይነገራል፤ ረክሶ ቢነበብ የሚጠቀመው እሱ ነውና። ገበያ ውስጥ ሲቀረጽ ማይኩ ከአፍ አንድ ጋት ያህል ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ይያዝ፤ ፊት ለፊት ከተደቀነ «ጳጉሜ» ሲባል እንኳ ድምፁ ይፈነዳል።

ማታ መብራት ያስቸግራል የሚል መልስ ይሰጣል፤ እውነት ነው። ሁሉም ምድጃና አምፖል ሲያበራ ኃይሉ ይወርዳል፣ ሄዶም ይመለሳል። ማሰራጫውን የሚያቃጥለው በአብዛኛው መሄዱ ሳይሆን አመላለሱ ነው። መብራት ሲጠፋ የማሰራጫው ማብሪያ ወዲያው ይጥፋ፤ ሲመለስ ኃይሉ እስኪረጋ 5 ደቂቃ ያህል ተጠብቆ በስታብላይዘር በኩል ይብራ። የአንቴናው ገመድ ተነቅሎ ከነበረ ሳይታሰር ማሰራጫውን ማብራት ፈጽሞ አይገባም፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ተመልሶ የውስጥ ትራንዚስተሮቹን ይበላቸዋል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በማታው ፈረቃ ከተመደበ መብራቱ ሰበብ መሆኑ ይቀራል።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ለትርፍ የማይሠራ፣ ለማኅበረሰቡ የቆመ አገልግሎት አድርጎታል። ስለዚህ የጣቢያዎቹ ቦርዶች መርሐ ግብሩን በዓመት ሁለቴ፣ አንዴ ለክረምት አንዴ ለአጨዳና ለውቂያ ወራት፣ ከአድማጭ ቡድኖች ጋር ተቀምጠው ይከልሱት። ለውጡም ከመጀመሩ አንድ ሳምንት ቀድሞ ጠዋትና ማታ በአየር ላይ ይነገር።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበረሰብ ሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ