ጽዋው ሲዞር የሚዘለሉ ሰዎች

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ክቡር አዘጋጅ፣ በዘመን መለወጫ ሰሞን ጋዜጣችሁን ስገልጥ እንደ ወትሮው ሁሉ ስለ ማዕድ ማጋራት የሚያወሱ በርካታ ዜናዎች አነበብሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ከጸሎት ቤት አዳራሽና ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የተነሡ ፎቶግራፎችም አብረው ወጥተዋል። ፎቶግራፎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ሰጪው ፈገግ ብሎ ወደ ካሜራው ያያል፣ ተቀባይዋ ባለ አምስት ሊትሩን የዘይት ጀሪካን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ መሬት ታያለች። ስጦታውን አልነቅፍም፤ በዚህ የኑሮ ውድነት አምስት ሊትር ዘይት ለአንድ ቤት ምን እንደሆነ እኔ ጡረተኛው አላጣውም። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ማዕድ መጋራት ማለት በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ አብሮ መቁረስ ሲመስለኝ ኖሮ፣ ዛሬ ሰውየው ዱቄቱን ተሸክሞ ብቻውን ወደሚበላበት ቤት ሲመለስ ማዕድ ተጋራ መባሉ ግር ይለኛል።

እኔ በጅማ ከተማ ለ32 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ፣ በሚካኤል ስም ከተመሠረተ አንድ የጽዋ ማኅበር አባል የሆንሁ ሰው ነኝ። አብያተ ክርስቲያናትና የክርስቲያን ማኅበራት ብቸኞችንና የተገፉትን ለመርዳት በሚያደርጉት አገልግሎት መስጠቱ ከሞላ ጎደል እየተሳካ ቢሆንም፣ ተቀባዩን ከመካከላችን ማስቀመጡ ግን ገና ነው ባይ ነኝ። በማኅበር፣ በዕድርና በዕቁብ ያደገ ሰው ተራ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ተራ ያለው ሰው ቀኑ ሲደርስ ይጠበቃል፣ ሲቀር «ምን ሆኖ ቀረ?» ይባልለታል፣ ባይሞላለትም ተበድሮ የሚያዘጋጀው ነገር አለው። በበዓል በበዓል የሚረዱት ወገኖቻችን ተራ የላቸውም። ሁልጊዜ እንግዶች ናቸው።

በከተማችን እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቡና መጋዘኖች ወለል ላይ ተቀምጠው ፍሬውን ከእንክርዳዱ ሲለቅሙ የሚውሉ፣ ከገጠር ለብቻቸው የመጡ ሴቶች አሉ፤ ጎሕ ሲቀድ አካፋቸውን ይዘው መንገድ ዳር የሚቆሙ የቀን ሠራተኞች አሉ፤ ከሩቅ ወረዳ በሽተኛ ይዘው ወደ ሆስፒታል መጥተው፣ በሽተኛው ሲሞትባቸው ወደ አገራቸው ለመመለስ ፊት ያጡ አስታማሚዎችም አሉ። ዕድር ለመግባት ቋሚ አድራሻና ወርኃዊ መዋጮ ይጠየቃል፤ ቤት ተከራይቶ በየስድስት ወሩ የሚለቅ ሰው የትኛው ዕድር ውስጥ ይመዘገባል? ለዚህም ነው አንድ የቀን ሠራተኛ የሚፈራውን ብጠይቀው ረኀብን ወይም በሽታን ሳይሆን «ማዘጋጃ ቤት እንዳይቀብረኝ» ብሎ የመለሰልኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ በየዓመቱም ከ871 ሺህ በላይ ሰዎች ሞት ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ዜናውን ስሰማ «ይህስ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ቡና እንጠራራለን» ብዬ አልፌው ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ቡና የሚጠራራው የሚተዋወቀው ነው፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም የሚጠጣው አጥር ከአጥር በተያያዘ ሰው መካከል ነው። በአንድ ግቢ ጀርባ ባለች ክፍል ሦስት ዓመት ተከራይታ የኖረችን ሴት ስም ሳላውቅ የኖርሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ በገዛ ማኅበራችን የሆነው ነገር ነው። በየወሩ በ12 ጽዋ ስናነሣ ከተረኛው ቤት በር ላይ የሚቀመጡ፣ ጠበል ጻዲቅ ሲወጣላቸው መርቀው የሚሄዱ አንዲት እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ይበልጣል፤ እግራቸውን ሁልጊዜ በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑታል። አንድ ቀን ዝናብ ሲያካፋ «እባክዎ ወደ ውስጥ ይግቡ» ብላቸው፣ «ተወኝ ጋሼ፤ እኔ ከገባሁ ጽዋው ሲዞር ሰው ይቸገራል» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ እግራቸውን ሳይ ነው፤ እስከ ጉልበታቸው አብጦ፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል።

ይህ በሽታ ሕዝቡ ዝሆኔ ከሚላቸው አንዱ ሲሆን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ደጋና ዝናባማ በሆነ አገር፣ በቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደ ሰው የአፈሩ ጥቃቅን ብናኞች በቆዳው ገብተው የሚያመጡበት እብጠት ነው። በጀርም አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ብዙ ያሻሽለዋል። ይህን ሁሉ ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው እንደመሆኔ አውቀዋለሁ፤ አባላቱም ሴትየዋን በማኅበሩ እንዲመዘግቡ በሦስት ተከታታይ ስብሰባዎች የተከራከርሁት ይህንኑ እየጠቀስሁ ነው። አንዱ «በዘር የሚመጣ ነው»፣ ሌላው «የእርግማን ነው»፣ ሦስተኛው ደግሞ «እኔ እንኳ ግድ የለኝም፣ ሌላው ግን ይቀራል» ይል ነበር፤ የሚከብደው የሦስተኛው ነው፣ ምክንያቱም መልስ የሚሰጥበት ፊት የለውም። በመጨረሻ ተፈቀደ።

በመጀመሪያው ቀን እርሳቸው ጠጥተው ጽዋውን ሲያሳልፉ የተቀበሉት የማኅበራችን ካህን ናቸው፤ አንድ ቃል ሳይናገሩ ጠጡና ወደ ቀጣዩ ሰው ዘረጉ። ቀጣዩ እኔ ነበርሁ። ሦስት ስብሰባ ሙሉ የተሟገትሁት ሰውዬ፣ ጽዋው እጄ ሲገባ ከንፈራቸው ያረፈበትን ጎን በዓይኔ ፈልጌ በሌላው ጎን እንደጠጣሁ ለአንባቢዎቻችሁ መደበቅ አልፈልግም። አዩኝ፤ ነጠላቸውንም እግራቸው ላይ አስተካከሉ።

ተራቸው የደረሰው ነሐሴ 12 ነው፤ የፍልሰታ ጾምና የክረምቱ ዝናብ የሚገጥሙበት፣ ከአባላቱ ማንም የማይሻማው ተራ። የሚኖሩበት አንድ ክፍል ስምንት ሰው አይችልም፤ እኛ ደግሞ ከሃያ በላይ ነን። ከግቢው የአቮካዶ ዛፍ እስከ ቤቱ ጣራ ላስቲክ ወጥረው፣ ከሥሩ ቄጠማ ጎዝጉዘው ጠበቁን። ዱካና ሲኒው የመጣው ከጎረቤታቸው ከአንዲት ሙስሊም ሴት ሲሆን፣ ቡናውንም አብረው ያፈሉት እኚሁ ጎረቤት ናቸው። ያቀረቡልን ንፍሮ፣ ዳቦና ጥቂት ጠላ ነበር። ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ሲኒዎቹን ሁላችንም በምናይበት ቦታ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ እያጠቡ መደርደራቸውን ነው፤ ንጹሕ መሆኑን እንድናይላቸው ነበር የታጠበው። የዚያን ዕለት ጽዋው ሲደርሰኝ ጎን አልመረጥሁም።

በጥቅምት ወር ቀሩ። ከዚህ በፊት ቢቀሩ ኖሮ ልብ የሚል አልነበረም፤ አሁን ግን ስማቸው መዝገብ ላይ ስላለ ሙሴያችን፣ ማለትም የማኅበራችን መሪ፣ ስም ሲጠራ ዝም የተባለበት ክፍተት ተሰማ፤ በዚያው ምሽት ሁለት ሴቶች ሄደው እግራቸው ተቆጥቶ በትኩሳት ተኝተው አገኟቸው። ለሕክምናው የተዋጣው ብር ትልቅ አይደለም። ከዘይቱ ያነሰ ነው እንጂ አይበልጥም።

ይህ ነገር ከእኛ ማኅበር የተጀመረ አዲስ ፈሊጥ ተደርጎ እንዳይታይብኝ። በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው የመጀመሪያዎቹ ዲያቆናት የተሾሙት የግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች በዕለቱ ምግብ ተዘለሉ የሚል ማጉረምረም በመነሣቱ ነው፤ ነገሩ ከምግቡ ይልቅ የመዘለሉ ነበር። ሰንበቴ ከቅዳሴ በኋላ ድሃውንና ባለጸጋውን አብሮ ለማስቀመጥ ታስቦ የቆየ ሥርዓት መሆኑን አባቶች ይነግሩናል፤ ዛሬ በብዙ ቦታ አባላቱ አዳራሽ ውስጥ፣ ድሃው ደጀ ሰላም ላይ የሚበላበት ሆኗል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም በጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይቶ ማገልገል እንደማይገባ ተከራክራለች። ያ ክርክር ለሥጋ የሚሆነውን ፕሮጀክት አብዝቶልናል፤ ከሥጋና ከነፍስ መካከል ያለውን ጎረቤትነትን ግን ማንም በፕሮጀክት ሊጽፈው አልቻለም። ከከተማችን በቦንጋ መንገድ ስንወርድ በከፋ የምናገኛቸው ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ ተደርገው የኖሩ ናቸው፤ በአንዳንድ ስፍራ ክርስትናን ከተቀበሉ በኋላ እንኳ በጸሎት ቦታ ለብቻ እንዲቀመጡ ይደረጉ ነበር። ጥምቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ ጽዋው ሁለት የሆነበትን ታሪክ ሌላ አገር መፈለግ አይኖርብንም።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ልጨምር። የጅማ ዞን አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በዚሁ ዞን በአሰንዳቦና በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉበትን፣ ብዙዎች የተፈናቀሉበትን ጊዜ ያስታወሰ ሰው በሃይማኖት ስም የሚደረግ ርዳታ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጠረጠር ያውቃል። ለብቸኛው የምንዘረጋው እጅ ወጥመድ መስሎ እንዳይታይ፣ ዳቦውም ዝምድናውም ሃይማኖትን በመለወጥ ላይ የተንጠለጠለ መሆን የለበትም። ጽዋ ማኅበሩ የምእመናን ነው፤ የአስታማሚው ቡና፣ የታመመውን መጠየቅና ቀብር ግን የማንም ሊሆን ይችላል። ዱካ ያበደሩንን ጎረቤት ወደ ማኅበራችን ግቡ ያላቸው የለም፤ እርሳቸውም አልጠበቁም፤ ነገር ግን በመስከረም ልጃቸው ሲታመም የጠየቋቸው የእኛ ሴቶች ናቸው።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ያሉት ግቢ ጉባኤያትና የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት አዲስ ተማሪ ሲመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ስሙን ጠይቀው፣ መኝታው ድረስ ሄደው፣ መዘምር ወይም ምግብ አቅራቢ አድርገው ያስገቡታል፤ ከሩቅ የመጣ ልጅ የሚጽናናው በዚያ ሥራ ነው። ይህን የሚያውቁት ወጣቶች ከግቢው አጥር ውጭ ላለው የቀን ሠራተኛ ያንኑ ቢያደርጉ አዲስ ሥልጠና አያስፈልጋቸውም። የዕድር ዳኞችም መተዳደሪያ ደንባቸውን አውጥተው፣ አድራሻ የሌለውን ሰው በአንድ ነባር አባል ዋስትና መመዝገብ የሚቻልበትን አንቀጽ ቢጨምሩ፣ መዋጮውንም በጉልበት፣ ማለትም ድንኳን በመትከልና ውኃ በመቅዳት እንዲከፍል ቢፈቅዱለት ማዘጋጃ ቤት የሚቀብረው ሰው ይቀንሳል። ለፎቶግራፍ አንሺዎቹም አንድ ልመና አለኝ፤ የተቀባይዋን ፊት ተዉላት።

በእኛ ማኅበር ነገሩ ገና አላለቀም። የኅዳር ሚካኤል ዓመታዊ ክብረ በዓል ስለሆነ ተረኛው በዕጣ ይለያል፤ በደንባችን መሠረት ዕጣው ውስጥ የሚገባው አምስት ዓመት ያገለገለ አባል ብቻ ነው። እኚህ እናት ግን ባለፈው እሑድ ገና በምርኩዝ እየሄዱ መጥተው፣ ስማቸው ከዕጣው እንዲገባላቸው ጠየቁ። ከየት አምጥተው እንደሚደግሱ የጠየቃቸው አባል ነበር፤ «እሱን ለእኔ ተዉት» አሉ። ውሳኔው ለፊታችን እሑድ ተቀጥሯል፤ እኔ ስማቸውን በወረቀት ጽፌ፣ አጥፌ ኪሴ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጡረተኛ መምህር፣ ከጅማ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.