ዘንድሮ ሕማማቱ ረዘመብን፣ እማዬ

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

እማዬ፣

ዛሬ የሕማማት ሰኞ ስለሆነ በሰላምታ አልጀምርም። አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ግን ሳልጠይቅሽ ማደርም አልቻልኩም። ወገብሽ እንዴት ነው? ስግደቱ አልበዛብሽም? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ ትኩሳትም ሳልም የለኝም። ደብዳቤውን ለወንድሜ ልጅ በቴሌግራም ልኬለታለሁ። ትምህርት ቤት በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ ቤት ነው ያለው፣ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። ያልገባሽን ደግሞ ይድገምልሽ።

ባለፈው ሐሙስ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣም። "ሰዉ፣ ልጅሽ እጇን ነሳችን ይላል" አልሽኝ። ድምፅሽ ውስጥ እፍረት ነበር። አንቺ በእኔ ምክንያት በሰው ፊት ማፈርሽን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

እስቲ ያን ቀን እንደነበረው ልንገርሽ። የአጎቴን ሞት ሰምቼ መጋቢት 14 ስነሳ፣ የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ከተገኘ ገና አስር ቀኑ ነው። መኪናው ሞልቶ ነበር። ነፋስ ይመታናል ተብሎ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ አንድ መስኮት አልተከፈተም፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ደግሞ ከቡሬ ጀምሮ ሲያስል ነበር። እኔም የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። በቀን ስንት የታመመ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ እንደሚያናግረኝ ታውቂያለሽ። ለቅሶው ቤት ስደርስ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን ዘርግታ ስትመጣ ወደ ኋላ አልኩ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ሲዘረጉልኝ ከሩቅ ጎንበስ አልኩ። የአንቺንም ጉልበት አልሳምኩም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ እንጂ እጄን አልነሳሁም፣ እማዬ። አያቶቻችን ትልቅ ሰው ሲያከብሩ ያደርጉት የነበረውን ነው ያደረግሁት።

የዚህ በሽታ ክፋቱ፣ ሰው ሳይታመም ይዞት መዞሩ ነው። ከያዘው ቀን አንስቶ ምልክቱ እስኪታይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ 14 ቀን ተለይታችሁ ተቀመጡ የሚባለውም ለዚህ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ብዙ ሰው እንደ ጉንፋን አድርጎት ያልፋል። ዕድሜው የገፋውን፣ እንደ አንቺ ስኳር ያለበትን ግን ሳንባው ላይ ይወርድበታል። የሚተላለፈው ስናስልና ስናወራ ከአፋችን በሚወጣው እርጥበት ነው። የእኛ አገር ሰላምታ ደግሞ አጭር አይደለም። ጉልበት ይሳማል፣ ጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ ይሳማል፣ ትከሻ ለትከሻ ይገጠማል፣ ከዚያ እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ልጁም ከብቱም አዝመራውም አንድ በአንድ ይጠየቃል፣ ይህ ሁሉ ሲሆን አፍ ለአፍ ነን። ለቅሶው ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ከስልሳ በላይ ናቸው። አንዳቸውን ብጎዳ እንዴት እኖራለሁ?

ግን አንድ ነገር አጥፍቻለሁ። ዝም አልኩ። ከአክስቴ ስሸሽ "ፈርቼልሽ ነው እንጂ ጠልቼሽ አይደለም" ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ጠፋኝ፣ እንባዬም ቀደመኝ። እሷ ወንድሟን ቀብራ፣ የወንድሟ ልጅ ስትሸሻት ምን ተሰማት? በዚህ ጥፋተኛ ነኝ። እባክሽ ቤቷ ድረስ ሂጂና በሯ ላይ ቆመሽ ይህችን ቃል ንገሪልኝ። እኔም እደውልላታለሁ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። በሽታው ባሕር ዳርና አዲስ ቅዳም ላይ ተገኘ ሲባል፣ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም መጋቢት 22 ለ14 ቀን ተብለው ሲዘጉ፣ ለምን አልሳመችንም ያሉት ሰዎች ቡና ስትጠሪያቸው መቅረት ጀመሩ። "ልጇ ከዚያ መጥታ ነበር" እያሉ። ይህን ስትነግሪኝ መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ፈርተው ነው። እዚህም እንደዚሁ ነው፤ አንዲት ደንበኛችን እህቷ ከውጭ አገር ስለመጣች ብቻ አከራይዋ ቤቱን ልቀቂ ብላታለች። ለጎረቤቶችሽ ቀኑን ቁጠሪላቸው። እኔ ከመጣሁ ሦስት ሳምንት አልፎኛል፣ አንቺም ደህና ነሽ፣ እኔም ደህና ነኝ። ደግሞም ከሰው ጋር ተራርቆ መቀመጥና ሰውን ማግለል ለየቅል ናቸው። ደጅ ላይ፣ ዋርካው ሥር፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቆ መጨዋወት ይቻላል፤ ከአራት በላይ አትሁኑ እንጂ፣ በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ ተከልክሏል። መጨባበጥም እንደዚሁ።

"መሳሳም ከቀረማ ፍቅር ቀረ" ብለሽኝ ነበር። እማዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው? ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ሰጥቶታልና በዚህ ሳምንት አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም፣ መስቀልም አንሳለምም። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ሮጬ መጥቼ ልስምሽ ስል "እስከ ፋሲካ ጠብቂ" ብለሽ ፊትሽን ያዞርሽው እስካሁን ትዝ ይለኛል። አልቅሼ ነበር። የፋሲካ ለት ደግሞ እስኪያመኝ ድረስ ሳምሽኝ። ስለጠላሽኝ አልነበረም ያዞርሽው። ሰፈሩ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ሳይሳሳም ይከርማል፣ ማንም ግን ጎረቤቴ ኮራብኝ አይልም። ዘንድሮ ሕማማቱ ቀድሞ ጀመረ፣ ከፋሲካም ያልፋል። እንደዚያ ብለሽ ንገሪያቸው፣ ከሬዲዮው ይልቅ ይገባቸዋል።

ደግሞ ከሰላምታችን የቀረው እጁ ብቻ ነው። አፉ አለ። "እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ" የሚለውን በአጥር ላይ ሆናችሁ በሙሉ ተባባሉ፣ አታሳጥሩት። እኔ ያን ቀን ያጎደልኩት እሱን ነው።

ሰዉ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ አረቄ የሚያወራውን አትስሚ። እዚህ ሰው ተሻምቶ የሽንኩርቱንም የሎሚውንም ዋጋ ሰማይ አድርሶታል። ዝንጅብሉን ለጉሮሮሽ ጠጪው፣ ደስ ይላል፣ በሽታውን ግን አይከላከልም። የሚከላከለው ሳሙና ነው። እንግዳ ሳታስታጥቢ አብልተሽ አታውቂም፤ አሁን ማንቆርቆሪያው አጠገብ ሳሙና ይቀመጥና አቡነ ዘበሰማያት እስኪያልቅ ይታጠቡ፣ ከተባለው 20 ሰከንድ አያንስም። ሰንበቴው ለጊዜው ይቅር። አንድ ዋንጫ መቀባበሉ ነው በጣም የሚያስፈራኝ። ኅዳር 12 ግቢውን ጠርገን ስናጥን ትነግሪኝ የነበረው የኅዳር በሽታ፣ ያ በ1911 ዓ.ም. የመጣው፣ እሱም በትንፋሽ የሚተላለፍ ነበር። ያኔ ሰዉ ምን እንደመጣበት አያውቅም ነበር። እኛ አውቀናል።

ለስግደት ከደጀ ሰላሙ አልቀርም እንደምትዪ አውቃለሁ። አልከለክልሽም፣ ግን እለምንሻለሁ። ከቅጥሩ ውጪ፣ ከዛፉ ሥር፣ ብቻሽን ስገጂ። አፍና አፍንጫሽን በነጠላሽ ሸፍኚ። ወገብሽ ካመመሽ ቤትሽ ስገጂ፣ እዚህ ከተማውም ብዙ ሰው ቤቱ ነው የሚሰግደው።

ለፋሲካ አልመጣም፣ እማዬ። መንገዱ ቢከፈትም አልመጣም። ይህን መጻፍ ከብዶኝ ነው መጨረሻ ላይ ያደረግሁት። ዶሮውን ሥሪ፣ ድርሻዬን ለወንድሜ ልጅ ስጪልኝ፣ ስላነበበልሽ። ብር በሞባይል ልኬያለሁ፣ የስኳር መድኃኒትሽን የሁለት ወር አድርገሽ ግዢበት።

መብራት ሳይጠፋ ስልኩን ቻርጅ አድርጉት። ቅዳሜ ሌሊት ዶሮ ሲጮህ፣ ከመፈሰክሽ በፊት፣ እደውላለሁ።

ልጅሽ